የሦስተኛው ጀሪካን ነገር፦ ከደብረ ብርሃን ቤተ ሙከራ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 12

ከተማው በኅዳር ጭስ ታጥኖ ውሏል። ዐይኔ እያቃጠለኝ ቤተ ሙከራውን ልዘጋ ስል ሁለቱ ተማሪዎች ቱቦ ታቅፈው መጡ፤ ቁጥር 5 እና ቁጥር 6። ፊታቸውን ሳይ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ቲቸር፣ አላባቸው» አለኝ ትልቁ።

ውሃ ሞልተው ግፊት ሲጨምሩ አንዱ በ27 ባር፣ ሌላው በ25 ባር ከግድግዳው ላብ የመሰለ ጠብታ አወጣ። ከዚያ በፊት የሠሯቸው አራቱ እስከ 37፣ 39፣ 36 እና 38 ባር ድረስ ጠብ አላሉም ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ማስታወሻ ልይዝ ስላሰብኩ ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጥ። ልጆቹ የሚሠሩት የሮኬት ሞተር ቅርፊት ማስተማሪያ ሞዴል ነው። ነዳጅ አይገባበትም፣ አይለኮስም፤ ቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት የእጅ ፓምፕ በውሃ ግፊት ብቻ ይፈተናል። የውስጥ ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የፋይበር ግላስ ጨርቅ ኢፖክሲ ሬዚን የሚባል ሙጫ እየነከሩ በብረት ዘንግ ላይ ይጠቀልሉታል፣ ይደርቃል፣ ዘንጉን ያወጡታል። ከስድስቱ አራቱ እንደ ወንድማማች ተመሳስለው ሁለቱ ሲለዩ ልጆቹ ጥፋቱን በራሳቸው እጅ ላይ ጣሉት። «አጠቃለላችን ላልቶ ይሆናል» አሉ።

ቁጥር 6ን በመጋዝ ቆርጬ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ንብብሩ ጥብቅ ነው፣ አረፋም የለውም። እንዲያውም ከቁጥር 2 ይልቅ ንጹሕ ሥራ ነው። ጥፍሬን በጠርዙ ላይ ስጫን ግን የገባ መሰለኝ። ቁጥር 2 ላይ ጥፍሬ ይንሸራተታል።

«ሬዚኑ ከየትኛው ጀሪካን ነው?» አልኳቸው። ተያዩ።

ኅዳር 13

ዕቃ ግምጃ ቤት። የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ጋሼ መዝገባቸውን አወጡልኝ። የእሳቸው መዝገብ ከእኛ የቤተ ሙከራ ደብተር ይሻላል ብዬ ብናገር የሚቀየመኝ ሰው አለ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሬዚኑ ከአዲስ አበባ የመጣው በሦስት ጀሪካን ነው፣ እያንዳንዱ 5 ኪሎ። በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የባች (የአንድ ጊዜ ምርት) ቁጥር ተለጥፏል፣ የጥራት ምስክር ወረቀቱም አንድ ፎቶ ኮፒ ነው። ከአንደኛው ጀሪካን አራቱ ቱቦዎች ተሠርተው ከታች ትንሽ ተርፏል። ሁለተኛውን ልጆቹ ከፍተው «ተበላሽቷል» ብለው መልሰውታል። ሦስተኛውን ከፍተው ቁጥር 5 እና 6ን ሠሩበት።

የተበላሸውን አሳዩኝ አልኳቸው። ጋሼ ክዳኑን ፈቱት። ከላይ ደመና የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ፣ ከሥር ነጭ፣ ሸካራ፣ ማንኪያ የማያስገባ ነገር ሞልቶታል። ሦስተኛው ግን ጥርት ያለ ነው፤ ጀሪካኑን ሲያዘነብሉት ይወርዳል። ልጆቹ አይፈረድባቸውም፤ ማንም ቢሆን ሦስተኛውን ይመርጣል።

ጋሼ ነጩን በእንጨት ጫፍ ነካ ነካ አድርገው ሳቁ። «ማር ሲረጋ አይተሽ አታውቂም እንዴ ልጄ?»

አፈርኩ። ኬሚስቷ እኔ ነኝ። ፈሳሽ ኢፖክሲ ሬዚን በተፈጥሮው ከመርጊያው በታች የሚኖር ፈሳሽ ነው፤ ብርድ ሲያገኘውና አንዲት የአቧራ ቅንጣት ስትገባበት ክሪስታል እየሠራ ይረጋል። መርጋቱ የንጽሕናው ምልክት ሊሆን ይችላል እንጂ የብልሽት አይደለም። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ኅዳር ሲገባ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ የግምጃ ቤቱ ጣሪያ ደግሞ ቆርቆሮ። ጣርማ በርን ተሻግረን ሸዋ ሮቢት ብንወርድ ኖሮ ይህ ጀሪካን ውሃ ሆኖ ይጠብቀን ነበር።

ልወጣ ስል ጋሼ በመዝገቡ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከሦስተኛው ጀሪካን ጎን በእርሳስ «የክዳኑ ቀለበት የለውም» ተብሎ ተጽፏል። የገባበት ቀን ነው የጻፉት። አዲስ ክዳን ሲከፈት የሚበጠሰው የፕላስቲክ ቀለበት ማለታቸው ነው። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ኅዳር 16

ሁለተኛውን ጀሪካን ማቅለጥ። ኦቨናችን ውስጥ አይገባም። ትልቅ ባልዲ ውስጥ 60 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ሞልተን ጀሪካኑን አቆምነው፤ ውሃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዘቀዘ። ጋሼ ከቤታቸው የመንዝ ባና አምጥተው ባልዲውን ሙሉ ጠቀለሉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ውሃ ቀየርን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ 10 ሰዓት ላይ ሬዚኑ እንደ መስታወት ጠራ።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ግማሹ ረግቶ ግማሹ ፈሳሽ ሳለ ከላይ ብቻ ናሙና ቢወሰድ የላይኛውና የታችኛው አንድ አይሆኑም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ጠብቀን፣ እስከ ታች አማስለን፣ ከዚያ ነው ናሙና የወሰድነው። ቸኩሎ ከላይ የቀዳ ሰው ጥሩውን ዕቃ መጥፎ ነው ብሎ ይፈርዳል።

ኅዳር 18

አንድ ባልደረባ «ለሁለት ቱቦ ይህን ያህል? ሦስተኛውን ጣሉትና በሁለተኛው ሥሩ» አለኝ። የሚሠራው ነገር ባልዲ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር።

ጠጣር ነዳጅ ያለው የሮኬት ሞተር አንዴ ከተለኮሰ አይጠፋም። ፈሳሽ ነዳጅ የሚጠቀመውን ሞተር መሬት ላይ አስነስተህ፣ አጥፍተህ፣ መርምረህ ያንኑ ታበርረዋለህ። ጠጣሩ ላይ ይህ የለም። የሚበረው ሞተር ከመብረሩ በፊት አንድም ቀን ተለኩሶ አያውቅም፤ መሬት ላይ የተፈተነው ወንድሙ ነው። የወንድሙ ፈተና ለእሱ የሚሠራው ሁለቱ ከአንድ ዓይነት ዕቃ ከተሠሩ ብቻ ነው። ሙጫው፣ የውስጥ መከላከያ ጎማው፣ ማጽጃ ፈሳሹ ሳይቀር።

የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር የስፔስ ሸትል ሁለት የጎን ሮኬቶች እያንዳንዳቸው 45 ሜትር ገደማ ቁመት ነበራቸው፤ 500 ቶን ያህል ነዳጅ በሁለት ደቂቃ ያቃጥላሉ። ናሳና የሞተሩ አምራች ለእነዚህ ሞተሮች ወሳኝ ዕቃዎች የኬሚካል አሻራ የሚሉትን ሥራ ዘረጉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዕቃው ደህና ሳለ መልኩን በኢንፍራሬድ፣ በክሮማቶግራፊና በመሳሰለው መዝግበህ አስቀምጥ፤ ኋላ የሚመጣውን ሁሉ ከዚያ ጋር አስተያይ። የግዢ መስፈርት የሚጠይቀው ጥቂት ቁጥሮችን ነው፤ አቅራቢው ጥሬ ዕቃ ቀይሮም እነዚያን ቁጥሮች ሊያሟላ ይችላል። አቅራቢው ራሱ ሳያውቅ የእሱ አቅራቢ ቀይሮበትም ይሆናል። ለሞተሩ ጋዝ መውጫ የሚሆነው የካርቦን ጨርቅ ከሬዮን ክር ይሠራ ነበር፤ ያን ክር የሚፈትለው ፋብሪካ በ1990ዎቹ ሥራ ሲያቆም ናሳ ያከማቸውን እየቆጠበ ምትክ ፍለጋ ገባ። ጥፋት የሠራ ሰው የለም፤ አንድ ፋብሪካ ተዘጋ፣ በቃ።

እኛ የምንሠራው የዚያን ታናሽ ታናሽ ነው። መሣሪያችን ቢሬት (ፈሳሽ በጠብታ እያወረደ የሚለካ)፣ ሚዛን፣ የተውሶ ኢንፍራሬድ እና የጋሼ መዝገብ።

ኅዳር 21

ዛሬ የተሠራ ነገር የለም። ጠዋት ታይትሬሽን፣ ማለትም ሬዚኑን አሲድ በጠብታ እያወረድኩ መለካት፣ ልጀምር የአሴቲክ አሲዱን ጠርሙስ ሳነሳ አልፈስ አለኝ። ረግቷል። ጠርሙሱን ዘቅዝቄ ያዝኩት፣ ጠብ የለም። ውኃ የሌለበት አሴቲክ አሲድ በ16.6 ዲግሪ ይረጋል፤ በእንግሊዝኛ «በረዷማ» የሚል ቅጽል የተሰጠውም ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ይህን ስንማር መምህራችን «ቀዝቃዛ አገር ያሉ ሰዎች ያዩታል» ብለውን ነበር። አየሁት።

ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ቀለጠ። ሲቀልጥ ደግሞ መብራት ሄደ። የጢስ መሳቢያው ካልሠራ ፐርክሎሪክ አሲድ አልከፍትም።

ኅዳር 23

የምንለካው የኢፖክሲ ኢኩቫለንት ክብደት የሚባለውን ነው፦ አንድ ሞል የኢፖክሲ ቡድን ስንት ግራም ሬዚን ውስጥ ይገኛል? ሃርድነሩ (ከሬዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚያደርቀው) የሚያያዘው በእነዚህ ቡድኖች ስለሆነ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ሬዚኑ መያዣ እጆቹ ሳስተዋል ማለት ነው። የምስክር ወረቀቱ ከ184 እስከ 192 ይላል።

ከአንደኛው ጀሪካን የተረፈው መነሻችን ነው፤ አራቱን ደህና ቱቦ ያወጣ እሱ ነውና። ናሙናውን በሚዛን አስቀምጬ፣ አሟምቼ፣ ቀለሙን የሚለውጠውን ክሪስታል ቫዮሌት ጠብ አድርጌ ከቢሬቱ አሲድ ማውረድ ጀመርኩ። ቀለሙ መጀመሪያ ወይን ጠጅ ነው። ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ በአንድ ጠብታ አረንጓዴ ይሆናል። ያቺን ጠብታ መያዝ ነው ሥራው። ትልቁ ተማሪ ሦስት ጊዜ አሳለፋት፤ በአራተኛው ያዛት። ከእኔ የተሻለ ዐይን አለው፣ አልነገርኩትም።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ውጤቶች፦ 189.8፣ 187.6፣ 190.2፣ 188.1፣ 189.7። አንድ ዓይነት ሬዚን፣ አንድ ዓይነት ሰው። ይህ ልዩነት አልጣመኝም።

ኅዳር 24

ሌሊት ሳስበው አደርኩ። ጠዋት ደብተሩን ስከፍት ሰዓቱን ጽፌ ነበር፤ እግዜር ይስጠኝ። 189.8፣ 190.2 እና 189.7 ጠዋት የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ትናንሾች ከሰዓት በኋላ።

ብርዱ ነው ዳግመኛ። በቢሬቱ የማወርደው ፐርክሎሪክ አሲድ የተዘጋጀው በአሴቲክ አሲድ ውስጥ ነው፤ አሴቲክ አሲድ በእያንዳንዱ ዲግሪ በሺህ 1.1 ያህል ይሰፋል፣ ከውሃ እጅግ ይበልጣል። የአሲዱን ጥንካሬ የወሰንኩት ከሰዓት፣ ማሞቂያው በርቶ፣ ክፍሉ 26 ዲግሪ ሳለ ነው። ጠዋት 17 ዲግሪ ላይ ስሠራ ያው አሲድ ተሰብስቧል፣ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር የበለጠ አሲድ ይዟል፣ ስለዚህ ያነሰ ሚሊ ሊትር ይበቃል። እኔ ግን ከሰዓት በወሰንኩት ጥንካሬ ስለማሰላው ቁጥሩ ከፍ ይላል። 9 ዲግሪ ልዩነት 1 በመቶ ገደማ ነው፤ 188 ላይ ሁለት ቁጥር መሆኑ ነው። ልክክ አለ!

ከእንግዲህ ቴርሞሜትር ከቢሬቱ ጋር ይታሰራል፤ ሙቀቱ ሳይጻፍ የተጻፈ ውጤት አይቆጠርም።

ኅዳር 27

አሥር ልኬት፣ ሙቀቱ ታርሞ፦ አማካዩ 187.9፣ መዋዠቁ 0.7። ሦስት እጥፉን ስንይዝ ከ185.8 እስከ 190.0 ያለው የእኛ የራሳችን መንቀጥቀጥ ነው። ከዚያ የወጣ ቁጥር ካገኘን ብቻ ስለ ሬዚኑ እንናገራለን። ትንሹ ተማሪ ይህን በግድግዳው ላይ በሚሊ ሜትር ወረቀት ሦስት መስመር አድርጎ ሰቀለው። ወረቀቱ ትንሽ ጠማማ ነው፤ ተዉት ብያለሁ።

ሃርድነሩንም በዚያው ፈተሽነው። የጣሳው አፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ነበረ፣ የሃርድነሩ ንጥረ ነገር አሚን ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው። ውስጡ ግን ደህና ነው። አለፍኩት።

ኅዳር 30

ዛሬ ለራሴ ወጥመድ አጠመድኩ። ሦስተኛውን ጀሪካን እንደምጠረጥር አውቃለሁ፤ የሚጠረጥር ሰው ደግሞ አረንጓዴዋን ጠብታ ባሰኘው ቦታ ያያታል። ስለዚህ ጋሼን ለመንኳቸው፦ ከሦስቱ ጀሪካን በዘጠኝ ብልቃጥ ይቅዱልኝ፣ ሀ ለ ሐ እያሉ ይሰይሙልኝ፣ ቁልፉን በኪስዎ ይያዙት። ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። «እንቆቅልሽ ነው በይኛ» አሉ።

«ምን አውቅልዎ» አልኳቸው።

ውጤቱ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ስድስቱ ብልቃጦች ከ187.1 እስከ 188.9 ውስጥ ገቡ። ሦስቱ 204.1፣ 204.9 እና 203.8። በግድግዳው ወረቀት ላይ ቦታ ስላልነበራቸው ልጁ ከላይ ሌላ ወረቀት ቀጠለ። ጋሼ ከኪሳቸው ቁልፉን አወጡ፤ ሦስቱም ከሦስተኛው ጀሪካን ናቸው። የረጋው፣ «ተበላሽቷል» የተባለው ሁለተኛው ጀሪካን ከመነሻችን አይለይም።

187.9ን ለ204.3 ስናካፍል 0.92 ነው። ከመቶ ስምንቱ ኢፖክሲ ያልሆነ ነገር ነው ማለት ነው፤ ወይም ሬዚኑ ራሱ ሌላ ዓይነት ነው። ታይትሬሽን የጎደለውን ይናገራል እንጂ የገባውን አይናገርም።

ታኅሣሥ 3

ኤፍቲአይአሩ (የኢንፍራሬድ መሣሪያው) የእኛ አይደለም። ሌላ ክፍል ነው ያለው፤ ሁለት ሰዓት ፈቀዱልን። ጠብታ ሬዚን በመስታወቷ ላይ፣ ጨረር ያልፋል፣ ወረቀት ላይ ኮረብታና ሸለቆ ይወጣል። የኢፖክሲ ቀለበት በሞገድ ቁጥር 915 ላይ ትንሽ ፒክ (ኮረብታ) አለው፤ የቤንዚን ቀለበቶቹ በ1510 ይወጣሉ፣ እነሱ አይለወጡም፣ ስለዚህ መለኪያ ዘንጋችን ናቸው። ከ1700 እስከ 1750 ድረስ ለጥ ያለ ሜዳ መሆን አለበት፤ ንጹሕ የዚህ ዓይነት ሬዚን ካርቦኒል የሚባለው የካርቦንና የኦክስጅን ጥምር የለውም።

የአንደኛውን ጀሪካን ናሙና አስነሳሁ። በ1715 ላይ ጉብታ።

ሁለተኛው ጀሪካን። ጉብታ።

ልቤ ወረደ። ሁሉም ከተበከለ መነሻችን ራሱ መነሻ አይደለም፤ የሁለት ሳምንት ሥራ አፈር በላው። ልጆቹ ምንም ሳይናገሩ ያዩኛል። ሦስተኛውን ሳልነካ ሰዓታችን አለቀ።

ታኅሣሥ 4

ሌሊት ከእንቅልፌ ብንን አልኩ። በየናሙናው መካከል መስታወቷን የጠረግኩት በምን ነበር? በአሴቶን። የአሴቶን ካርቦኒል የት ነው? 1715 ላይ። ብርድ ነው፣ አሴቶኑ ቶሎ አይበንም፣ እኔም ሰዓት እየቆጠርኩ ሳይደርቅ ናሙና አስቀመጥኩበት።

ሄጄ ለምኜ ግማሽ ሰዓት አገኘሁ። እየጠረግኩ፣ እያደረቅኩ፣ ባዶዋን መስታወት እያስነሳሁ። አንደኛው፦ ሜዳ። ሁለተኛው፦ ሜዳ። ሦስተኛው፦ በ1725 ላይ ሹል ያለ ፒክ፤ ሁለት ጊዜ ጠርጌ አድርቄ መልሼ አስነሳሁት፣ አልተነቃነቀም። የ915ቱም ከ1510ሩ አንጻር አጥሯል። ታይትሬሽኑ ያለውን በሌላ ቋንቋ ደገመልን።

ታኅሣሥ 8

ምን እንደገባ ለማወቅ ከቁጥር 6 ቱቦ ጠርዝ ሬዚን ብቻ የሆነውን ፈልፍለን፣ ፈጭተን፣ በአሴቶን ለሁለት ቀን ዘፈዘፍነው። ከሃርድነር ጋር የተያያዘ ነገር አይሟሟም፤ ያልተያያዘው ይወጣል። አሴቶኑ ከተነነ በኋላ ከቁጥር 2 ዱቄት 0.7 በመቶ ደረቅ ቅሪት ቀረ። ከቁጥር 6 ግን 5.9 በመቶ፣ ያውም ጣት ላይ የሚያንሸራትት ዘይት። ዘይቱን ኤፍቲአይአር ላይ አደረግነው፤ 1725 ላይ ግዙፍ ፒክ፣ ከጎኑ 1600 እና 1580 ላይ መንታ ትናንሽ ፒኮች። መንታዎቹ የፕታሌት ምልክት ናቸው፤ ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመር፣ ከሬዚን እጅግ የሚረክስ ዘይት። አንድ ሰው ከአምስቱ ኪሎ 400 ግራም ያህል ቀድቶ በዘይት ሞልቶታል።

ሦስተኛው ጀሪካን በብርድ ያልረጋውና እንደ ልብ የሚፈሰው ለዚህ ነው ማለት ነው። ያማረው መልኩ ራሱ ነበር ክሱ! በ25 ዲግሪ ሬዚን በሞላ የሙከራ ቱቦ ውስጥ ትንሽ የብረት ኳስ ጣልን፤ በመነሻው ውስጥ ለመውረድ 40 ሰከንድ ፈጀባት፣ በሦስተኛው 22።

ልጆቹ ግን በቁጥር አልረኩም፣ እኔም አልፈርድባቸውም። ከሁለቱም ሬዚን ቀጭን ዘንጎች አድርቀን 50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ነከርናቸው። የመነሻው ዘንግ ጠረጴዛ ሲመታ ቀጭ ይላል። የሦስተኛው በትንሹ ተማሪ ጣት እንደ ሊጥ ጎበጠ። «ታዲያ እኛ አይደለንማ ቲቸር!» አለ። ለአንድ ወር ያህል ይህን ተሸክሞ ኖሯል።

ታኅሣሥ 11

ለነጋዴው ስልክ ተደወለ። መጀመሪያ «ምስክር ወረቀት አለው አይደል?» አለ። አለው።

ስለ ምስክር ወረቀት ናሳ የከፈለውን ለልጆቹ ነገርኳቸው። በ2009 እና በ2011 እ.ኤ.አ. ሁለት ሳተላይቶች ጠፉ፤ በሁለቱም ጊዜ የሮኬቱ አፍንጫ ሽፋን ተላቆ መውደቅ ሲገባው አልተላቀቀም። በ2019 እ.ኤ.አ. ናሳ የምርመራውን ውጤት ሲያወጣ ለሽፋኑ መላቀቂያ የተሠራበት አሉሚኒየም የፈተና ወረቀት ለዓመታት ሲጭበረበር እንደነበረ ተገለጠ። ኪሳራው ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ወረቀቱ ላይ ቁጥር ነበረ፣ ማኅተምም ነበረ።

ነጋዴው በኋላ የክዳኑን ቀለበት ጉዳይ ሲሰማ ድምፁ ወረደ። ከእሱ በፊት ማን እጅ እንደነበረ ሊያጣራ ነው። እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ኬሚስትሪም ይህን አይነግረኝም። ጀሪካኑን መልሶ ሌላ ሊልክ ተስማማ። ግማሽ ሊትር ናሙና ግን በታሸገ ጠርሙስ አስቀርቻለሁ፤ መጥፎው ምን እንደሚመስልም መዝገብ ላይ መኖር አለበት።

ታኅሣሥ 22

ገብርኤል አልፎ መኪናው መጣ። ጋሼ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ክዳኑን አዩት፤ ቀለበቱ አለ። ከላይና ከታች ቀዱ፣ ብልቃጦቹን ሰየሙ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ማንም አላዘዛቸውም። 188.4 እና 187.7። ሜዳው ሜዳ ነው፣ መስታወቷም ደርቃለች። በግድግዳው ወረቀት ላይ በሦስቱ መስመሮች መካከል ሁለት ነጥብ ተጨመረ።

ጋሼ አሁን ሌላም ሊያስመዝኑኝ ይፈልጋሉ፦ የቀለም ቆርቆሮ፣ የጄነሬተር ዘይት፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሚስታቸውን ማር። ማሩን እምቢ አልኩ፤ መነሻ የለንም አልኳቸው። «መነሻውን እኔ ቀፎው ድረስ ሄጄ አመጣልሻለሁ» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ጥር 2

ቁጥር 7 ከሁለተኛው ጀሪካን፣ ያ ከረጋው። ቁጥር 8 ከአዲሱ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ፓምፑን ዘረጉ፤ ጠዋት ስለነበር ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። የፓምፑ ውሃ ጣት ይቆርጣል። ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከጎን ቆሙ። ይህን ብርድ ሳይ ከስፔስ ሸትሎቹ አንዱ፣ ቻሌንጀር፣ ትዝ አለኝ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ጠዋት ፍሎሪዳ ላይ ሲነሳ አየሩ 2 ዲግሪ ገደማ ነበረ፤ የሞተሩ መጋጠሚያ ጎማ በብርድ ደርቆ መልሶ መነፋት አቃተው፤ በ73 ሰከንድ መንኮራኩሩ ተበታተነ፣ ሰባቱም ሰዎች አለቁ። የጎማው ኬሚስትሪ አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው ጠዋቱ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በቱቦዎቹ መዝገብ ላይም የሙቀት ዓምድ ጨመርን፦ ውሃው 6 ዲግሪ፣ አየሩ 4።

20 ባር። 25፣ እዚህ ላይ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ግድግዳውን አየን፣ ደረቅ ነው። 30። 35። ቁጥር 7 በ38 ባር ላይ ከታችኛው ጫፍ አንዲት ጠብታ አወጣ። ቁጥር 8 በ37።

ልጆቹ ቱቦዎቹን እየጠረጉ ሳለ ጋሼ ባናቸውን ጠየቁ። ከባልዲው ላይ አንስቼ ሰጠኋቸው። አንዱ ጠርዝ ሬዚን ነክቶት ደርቋል፤ እንደ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጋሼ በጥፍራቸው ጫን አደረጉት። «ይህስ ከጥሩው ነው» አሉ፣ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር አድርገው ሄዱ።